ደኅና ጎረቤቶች

የምርመራው ውጤት በመጣ ዕለት ታላቅ ወንድሜ ሆስፒታሉ በር ላይ ክንዴን ጨምድዶ፣ «በአባታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ!» አለኝ። እናታችን ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ለታማሚው አይነገርም፤ ሰው ከሕመሙ ይልቅ ስሙን ሰምቶ በድንጋጤ ይሞታል ይባላል። እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስለ ህዋስ ስለፈልፍ ውዬ እማዬ ለሕክምና መጥታ ያረፈችበት ቤቴ ስገባ አፌ ይለጎማል።

ሐኪሙ ካንሰሩ ወደ ብብቷ ሳይዘልቅ ቶሎ ኦፕራሲዮን ትደረግ ብሎናል። እኛ ግን «ትንሽ እጢ ናት» ብለናት ነበር። እማዬ ሞኝ አይደለችም።

«ትንሽ ከሆነች ምን አስቆረጠኝ? አገሬ ሮብ ገበያ ተመልሼ ጠበሌን እጠመቃለሁ!» ብላ እምቢ አለች።

ጉድ እኮ ነው! እንዳትደነግጥ ብለን የዋሸነው መዳኛዋን ዘጋባት። ወንድሜን እንንገራት ስለው «ልትገድያት ነው?» ይላል። ዘመዱ ሁሉ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣና «ኧረ አምሮብሻል!» ብሏት ይወጣል፤ በር ላይ ሲደርስ ያለቅሳል። እኔ መሀል ቆሜ የገዛ ቤቴ ጠበበኝ። እብጠቱ ደግሞ እኛ እስክንስማማ አይጠብቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎቼ የሚሆን የህዋስ ሥዕል በትልቅ ወረቀት ስሠራ፣ እማዬ ከጎኔ ምስር ትለቅም ነበር። «ምንድን ነው ይኼ?» አለችኝ። የነገ ትምህርቴ ነው አልኋት። ወንድሜ በመሐላ ያሰረኝ ስለ እሷ እንጂ ስለ ትምህርቴ አይደለም ብዬ ራሴን አደፋፈርሁ።

«ይቺ የከፋች ህዋስ ናት፤ ብቻዋን አቅም የላትም። ጎረቤቶቿን ትጣራለች። ይቺኛዋ ቁስል ጠጋኝ ናት፤ ቁስል ያለ መስሏት ዙሪያዋን ታጥርላታለች። የደም ሥሮች ቀለብ ያመጡላታል። በሽታ አባራሪዎቹ ዘበኞች ተደልለው ይተኛሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ መንገድ ይጠርጉላታል። በዚያው መንገድ ወደ ሌላ አካል ትሄዳለች።»

«ጎረቤቶቹም ታመዋል?»

«የለም፣ እነሱ ደኅና ናቸው። የሚረዱ ነው የሚመስላቸው።»

ምስር መልቀሟን ተወች። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ጡቷ ሄደ።

«እንደናንተ ነዋ» አለች።

ማልቀስ ጀመርሁ። እሷ አላለቀሰችም። «በይ ተነሺ፣ ነገ ሐኪሙ ዘንድ ትወስጅኛለሽ። ማወቄን ግን ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። እሱ ሆደ ባሻ ነው፣ አይችለውም። በአባትሽ አጥንት!»

ኦፕራሲዮን በምትገባበት ጠዋት እኔና ወንድሜ ባለ ጎማው አልጋ አጠገብ ቆመናል። ካንሰሩ ብብቷ ደርሶ እንደሆነ ሲከፈት ነው የምናውቀው ብሏል ሐኪሙ። ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አየሽ? ባንነግራት አይደል እሺ ያለችው! ላንቺ አፍ ትተነው ቢሆን ይኼን ጊዜ ጠበል ነበረች።»

እማዬ ከአልጋው ላይ ዐይኗን ጣል አደረገችብኝ።

«እውነትህን ነው፣ ጋሼ» አልሁት። አልጋውን እየገፉ ወሰዷት።