የሁሴንን እግር ያሰርኩት እኔ ነኝ

ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ነው የምነግራችሁ። እህቴ አታውቀውም። ልጆቼ አያውቁትም። ዱዓ ሳደርግ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ብታውቁኝ ኖሮ ይሄን ይዘው ለማን ያደርሱ ይሆን እያልኩ አንዲት ቃል አልተነፍስም ነበር። ተፈጥሮዬ ነው። እናቴ ወሎ እያለን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እያለች አሳደገችኝ፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ገንፎ ስበረብር ኖርኩ።

ባሌ ሁሴን ሸራ ሰፊ ነበር። መርካቶ ሸራ ተራ፣ ከድር ሱቅ በር ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ የጭነት መኪና ሸራ ሲሰፋ ሃያ ዓመት ኖሯል። ከድር የስልጤ ሰው ነው። እሱ ሸራውን ያመጣል፣ ሁሴን ይሰፋል፤ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ዙሁርን አብረው ይሰግዳሉ። እኔ ከድርን ከመጀመሪያውም አልወደውም ነበር። ምን አደረገሽ ብትሉኝ ምንም። ሁሴን እቤት ሲገባ ዝምተኛ ነው፤ ከድር ጋ ሲሆን ግን ሳቁ ከሩቅ ይሰማል። እኔ የማላውቀው ሁሴን እዚያ ተደብቋል ብዬ እጠረጥር ነበር።

መንግሥት ተለውጦ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ፎቅ ቤቶቹ ቆርቆሮውን ሱቅ መዋጥ በጀመሩበት ሰሞን፣ ሁሴን ደም ያስለው ጀመር። ሲጋራ ከልጅነቱ ጀምሮ ያጨስ ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ እኔና ከድር። ሐኪሙ ሁሴንን አስወጥቶ ለሁለታችን ነገረን። የሳንባ ካንሰር ነው፣ የቀዶ ጥገናው ጊዜ አልፏል፣ ማስታገሻና እንክብካቤ ነው የቀረው አለን።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በሽታ ለታማሚው አይነገርም። ሰውን በሽታው ሳይሆን ወሬው ይገድለዋል ይባላል። እኔ እዚያው ኮሪደር ላይ ከድርን እንዳይነግረው አስማልኩት። ሁሴንን «ሳንባህ ቆስሏል፣ በመድኃኒት ይሽራል» አልነው። ራሱን ነቀነቀ። አመነን ብዬ ተገላገልኩ።

የምትከታተለው ነርስ ጠና ያለች ሴት ነበረች። አታስተኙት አለችን። በየቀኑ ይራመድ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ይቀመጥ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በከንፈሩ ቀስ አድርጎ ይተንፍስ፣ ከዚያ ተነስቶ እንደገና ይራመድ። እኔ በሆዴ ሳቅኩባት። በሽተኛ ተኝቶ፣ ተሸፋፍኖ፣ መረቅ እየጠጣ ነው የሚጠየቀው፤ በሽተኛ መንገድ ሲወጣ የት አገር ታይቷል? አልጋ እንዳናስይዝባት ነው ብዬ ጠረጠርኳት። ከድር ግን ቃሏን እንደ አደራ ተቀበለ።

በማግስቱ ጠዋት ሰባተኛ ሰፈር ካለው የቀበሌ ቤታችን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሱቁን በሥራ ሰዓት ዘግቶ ነው የመጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀረም። በመጀመሪያው ሳምንት ከበራችን እስከ መታጠፊያው እንኳ አልደረሱም። ኩሊው ሸክሙን ይዞ «ዘወር!» እያለ ሲመጣ ከድር በውጭ በኩል ሆኖ ይከልለዋል። በወሩ ወደ መሳለሚያ ተጠጉ። ነጋዴው ደግሞ ማን እንዳዘዘው እንጃ፣ በየሱቁ ደጃፍ በርጩማ ማውጣት ጀመረ። አንዱ የጆንያ ጥቅል ያመቻቻል፣ አንዱ ወንበር ያወጣል። ሁሴን እንደ ሽማግሌ ንጉሥ በየደጁ እያረፈ ይሄዳል።

ተሻለው። ይሄን ሳልሸሽግ ልናገር። ምግብ መብላት ጀመረ፣ ሌሊቱን ያለ ሳል ማደር ጀመረ፣ ከልጆቹ ጋር መቀለድ ጀመረ። ደስ አለኝ ብዬ ብነግራችሁ ዋሸሁ። እኔ ሌሊት ሌሊት ጀርባውን ያሸሁት፣ ደሙን ያጠብኩት ሴትዮ ላሻሽለው ያልቻልኩትን ከድር በመንገድ አሻሻለው። እንዴት? ምን እያለው? ልቤ በዚህ ተያዘ።

ተከተልኳቸው። አዎ፣ ሻሼን ግንባሬ ድረስ ጎትቼ፣ ከሰው መሀል ሆኜ፣ የገዛ ባሌን እንደ ሌባ ተከተልኩ። አንድ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከድር ጎንበስ ብሎ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው፣ ሁሴን ራሱን ነቀነቀ። ከድር ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ምልክት አደረገበት። ወረቀቱን አጥፎ መለሰው። ቤት ሲደርሱ ያወሩ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች እኔን ሲያዩ ጸጥ አሉ። ይሄ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ ነው።

ነግሮታል አልኩ። ወይም ሊነግረው ነው። መሐላውን ሊያፈርስ ነው፣ ባሌን በወሬ ሊገድልብኝ ነው። ለራሴ የነገርኩት ይሄንን ነው። ሐቁ ግን ሌላ ነበር። ሁሴን ሊሞት መሆኑን አውቃለሁ፤ የቀሩትን ቀኖች ከማንም ጋር መካፈል አልፈለግኩም። ቅናት ነው። በባል ጓደኛ የሚቀና ሰው አይታችኋል? እኔን እዩ።

አንድ ጠዋት ሁሴን ጓሮ ውዱእ ሲያደርግ ከድር ደረሰ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ከእንግዲህ አትምጣ» አልኩት። «ሐኪሙ መንገድ ከልክሎታል። እሱም ተቀይሞሃል። ከስቼ፣ ጠቁሬ እያየ መርካቶ መሀል መሳቂያ አደረገኝ ብሏል። ፊቱን ማየት አልፈልግም ብሏል።»

«ሁሴን ነው እንደዚህ ያለው?» አለኝ።

«ወላሂ» አልኩ።

በአላህ ስም ማልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከድር ሌላ ነገር አልጠየቀም። ሰላም በይልኝ ብሎ ሄደ።

ሁሴን ጫማውን አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ጠበቀ። ከድር ዛሬ ምን ሆኖ ነው አለኝ። ልጆች አሉኝ ብሎ ሳልህን ፈርቷል፣ ከእንግዲህም አይመጣም አልኩት። አየኝ። ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ያጠራጥረኛል፤ ውሸቴን ይሆን ያየው? ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ለመፍታት ትንፋሽ አጠረውና መሀል ላይ አረፈ። እኔ ቆሜ አየሁት። አልረዳሁትም።

ከዚያ ወዲያ ልውሰድህ ብዬው ነበር፣ ለይምሰል። ነገ አለኝ። በማግስቱም ነገ አለኝ። አልጋ ላይ ዋለ፣ አደረ። ጠያቂ ሲመጣ ከአጠገቡ ንቅንቅ አልልም፤ የከድር ስም እንዳይነሳ ወሬ እቆርጣለሁ። ከድር በጎረቤት እጅ ብርቱካን ይልካል። እኔ ልጬ ሳጎርሰው «ከየት አመጣሽው?» ይለኛል። ገዝቼ ነው እለዋለሁ። የወዳጁን ብርቱካን በእኔ ስም አበላሁት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሽንት ቤት ለመሄድ ሁለት ሰው ይደግፈው ጀመር። ትንፋሹ ቃል ለመጨረስ አይበቃውም። ለቀጠሮ ስንሄድ ነርሷ ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሩን አየች። ጭኑ አልቆ ነበር። ወደ ውጭ ጠርታኝ ወረቀቱስ የት አለ አለችኝ። የምን ወረቀት አልኩ። ለጓደኛው የሰጠችው ነበር፤ በቀን ምን ያህል እንደተራመደ፣ ስንቴ እንዳረፈ፣ ትንፋሹ እንዴት እንደነበረ ምልክት የሚያደርግበት። እኔ ያንን ወረቀት አይቼ ስንት ነገር ጠርጥሬ ነበር!

«ማነው ያስተኛው?» አለችኝ።

«ጓደኛው ጥሎት ጠፋ» አልኳት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

እሷም በእርጋታ፣ «መራመድ እንደማያድነው ነግሬያችሁ ነበር። ግን የቀረችውን ቀን ሰው ሆኖ ይኖርባት ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት መመለስ እችል ነበር። ሸራ ተራ ሄጄ ከድርን ና ማለት እችል ነበር። ገና ሦስት ወር ያህል ዕድሜ ቀርቶት ነበር። ምን ያዘኝ? እንዳልጋለጥ ነው፤ ሌላ ምንም አልያዘኝም።

ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ሁሴን እጄን ያዘኝ። እየቆራረጠ፣ በየቃሉ መሀል እያረፈ ነው የነገረኝ።

«በሽታዬን ከመጀመሪያው ነው ያወቅኩት። ነርሷን በአላህ ብዬ ጠይቄያት ነገረችኝ። ማወቄን አንቺ እንዳታውቂ ከድርን አስምዬው ነበር። ታለቅሻለሽ ብዬ ነው። መንገድ ላይ የምናወራው እሱኑ ነበር፤ ስለ ልጆቹ፣ ስላንቺ። ከባድ ነገር አሸከምኩትና ጨነቀው መሰለኝ፣ ጥሎኝ ሄደ። አልፈርድበትም።»

ስንጥሩን አገኘሁት። ሲደብቁ የኖሩት ከእኔ ነበር፤ እኔን ከለቅሶ ለማዳን ነበር። አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ። ባሌ አፍጥጦ ያየኛል፣ ጓደኛው እንደከዳው አምኖ ሊሞት ነው፣ አሁን ተናገሪ። ትራሱን አስተካከልኩለት። ብዙ አታውራ ይደክምሃል አልኩት። ያልኩት ይሄንን ነው። እንደዚያው ሞተ።

ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ከድር ነበር። ከቤት በር ላይ ሆኜ አየሁት። ለቅሶ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ተቀመጠ፤ አጠገቤ አልደረሰም።

ዓመታት አለፉ። ከድር ሐጅ ሊሄድ ሆነ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ዘመድ ጎረቤቱን፣ ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እንደሚል ታውቃላችሁ። የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይኬድም። ወደ እኔም መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል። ነግረውት ነው የመጣው፣ አወቀብኝ ብዬ ጠረጠርኩ። ከድር ግን ቀና ብሎም አላየኝ።

«ዘሃራ» አለኝ፣ «ሁሴንን መርካቶ መሀል ሳዞረው ክብሩን ነክቼው ከሆነ ባለማወቅ ነው። ይሻለዋል ብዬ ነው። ተቀይሞኝ ሞተ፤ ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እሱ የለም። አንቺ በእሱ ፋንታ አፉ በዪኝ።»

እኔም፣ «አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት።

እንባው ወረደ። አላህ ይስጥልኝ አለኝ፣ መካ ላይ ዱዓ አደርግልሻለሁ አለኝ። አደርጋለሁ ካለ ከድር ያደርጋል። ለእኔ፣ በዚያ ስፍራ፣ ዱዓ አደረገልኝ።

የእናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የእናንተ ሐቅ የለብኝም። ቅናት ነው፣ ድንቁርና ነው፣ ልማድ ነው ብዬም አላሳብብም። እግሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ከወዳጁ የለየሁት እኔ ነኝ፣ የበደልኩትን ሰው ይቅር ያልኩትም እኔ ነኝ። ከድር በሰላም ተመልሷል፤ ሱቁም እዚያው ነው። ከቤቴ እስከ እሱ ደጅ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።