በመሐረብ የታሰረ ጢም

ጢም የሚባል ነገር ድሮም አልወድም ነበር። አባቴ በየማለዳው የሚላጭ ሰው ስለነበር ይሁን፣ ወይ ተፈጥሮዬ ሆኖ፣ እንጃ፤ ብቻ ጢሙ የተንጨባረረ ወንድ ሳይ እጄን ይበላኝ ነበር። ስለዚህ ወልድያ ውስጥ በአንድ የዱቄትና የዘይት ማከፋፈያ መጋዘን የስምሪት ሠራተኛ ሳለሁ፣ «ሾፌሮች ተላጭተው ይውጡ» የሚለው ደብዳቤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲመጣ፣ ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጊዜው ጦርነቱ ከራያ ወደ ቆቦ፣ ከቆቦ ወደኛ እየተጠጋ የመጣበት ክረምት ነው። በየመንገዱ ገመድ ተወጥሮ ኬላ ሆኗል። ሰርጎ ገብ ገብቷል ይባላል፤ ዛሬ እዚህ ተያዘ፣ ትናንት እዚያ ተያዘ ይባላል። የተያዘው ሰው በደንብ ሳይጠየቅ ምን እንደደረሰበት ደግሞ በሹክሹክታ ይወራል። ጎረቤት ጎረቤቱን ትክ ብሎ ማየት የጀመረው ያኔ ነው።

ደብዳቤው ሾፌሮች ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሰው፣ አዲስ ፎቶ ያለበት ባጅ አንገታቸው ላይ ካላንጠለጠሉ መኪና አይሰጣቸው ይላል። ፈታሾች የድርጅቱን ሰው ከሩቁ እንዲለዩት ታስቦ ነው አሉ። ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ለሾፌሮቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁለተኛው ገጽ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ጢም ያሳደገ ሠራተኛ በጽሑፍ ካመለከተ ሊፈቀድለት ይችላል ይላል። ፈቃዱ የሚመጣው ግን ከአዲስ አበባ ነው፤ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል፤ መኪና ከቆመ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ያን ገጽ ለማንም አላነበብኩም። ከፊተኛው ሥር አድርጌ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታሁት።

ሾፌሮቻችን ሦስት ናቸው። ሁለቱ ወጣቶች ስለሆኑ በማግስቱ ጠዋት ተላጭተው ነው የመጡት። ሦስተኛው ስድሳን ያለፉ፣ የሐብሩ ገጠር ተወላጅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጢማቸው ደረታቸው ላይ ይወርዳል። ሐሙስ ሐሙስ ለጁምዓ ሒና ስለሚቀቡት እንደ በርበሬ ይቀላል። ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ሐራ ያንን ጢም የማያውቅ የለም። የመኪናው መስኮት ላይ ገና ብቅ ሲል ኬላ ጠባቂው ገመዱን ይጥላል፤ ወረቀት የሚጠይቃቸው የለም።

«ጋሼ፣ ይቺ ጢም ዛሬ ትወርዳለች» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«ምን አደረገችሽ ልጄ?»

«እኔንማ ምን ታደርገኛለች? ደብዳቤው ነው።»

ወደ ግድግዳው ሄዱ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ደብዳቤው ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። እኔ የመጫኛ ወረቀት እየሞላሁ ስለነበር ልብ ብዬ አላየኋቸውም። ሁለቱ ወጣት ሾፌሮች በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። ጋሼ ተመልሰው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙና፣

«ሌላ መንገድ የለውም?» አሉኝ።

«የለውም» አልኩ፣ ከወረቀቴ ቀና ሳልል።

አንዴ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ «መርሳ ዱቄት ከጠፋ ሳምንት ሆነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «በይ እሺ። ላጪውን ጥሪው።»

ጎረቤታችን ያለው ፀጉር አስተካካይ መጥቶ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጦ ላጫቸው። መብራት ስላልነበረ በመቀስ ከረከመና በምላጭ ጨረሰው። ቀዩ ፀጉር ጭናቸው ላይ በተዘረጋው ፎጣ ላይ ተቆለለ። አስተካካዩ ፎጣውን ሊያራግፍ ሲል እጁን ያዙት። ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ፀጉሩን አንድ በአንድ ለቀሙና ቋጠሩት።

«ምን ሊያደርጉት ነው?» አልኳቸው።

«የሰው ገላ አይደል? ይቀበራል።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «እንግዲያው ለሠልስቱ ንፍሮ እንቀቅላ» አልኩ። ወጣቶቹ ሳቁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እስከ ዛሬ ያቺ ቃል ትቆጠቁጠኛለች። ጋሼ አልተቆጡም። «አብሽሪ፣ እኔው እቀብረዋለሁ። ንፍሮም አያስፈልገው» ብለው መሐረቡን ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ሲነሱ ሳያቸው ግን ሳቄ ቀዘቀዘ። ግንባራቸውና ጉንጫቸው ጠቁሯል፤ አገጫቸው ለዘመናት ፀሐይ ሳያየው ስለኖረ ፈዛዛና ነጣ ያለ ነው። የሁለት ሰው ፊት አንድ ላይ የተሰፋ ይመስላል። ጄኔሬተር ባለው ፎቶ ቤት ፎቶ ተነሡ፣ ባጁ ታትሞ መጣ፣ አንገታቸው ላይ አጠለቅሁላቸው። ረዳታቸው በዚያ ሳምንት ወደ ቤተሰቦቹ ሄዶ ስለነበር ዱቄቱን ጭነው ብቻቸውን ወጡ። ሲወጡ እጃቸው ወደ አገጫቸው ሄደና ጢሙን ሲያጣው ወረደ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መርሳ ዱቄት የምናደርስለት አንድ ባለሱቅ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ጋሼ ተይዘዋል። የከተማው መግቢያ ኬላ ላይ። ሰርጎ ገብ ነህ እያሏቸው ነው።»

«እንዴት ሆኖ? አንተ አታውቃቸውም?»

«በድምፃቸው ነው የለየኋቸው። አውቃቸዋለሁ ብል አንተም ተባባሪ ነህ አሉኝ። በስልክም አያምኑም። ሰው እየተሰበሰበ ነው፤ እንደ ሰዉ አያያዝ ከሆነ እስኪመሽ የሚቆይ አይመስለኝም። ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ።»

ደብዳቤውን ከግድግዳው ገነጠልኩት። እግሬ እንዴት መናኸሪያ እንዳደረሰኝ አላውቅም። ሚኒባሱ ውስጥ ከቆቦ በኩል ሸሽተው የመጡ ሰዎች ፍራሽና ድስት ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ በር ላይ አስወርደው ፈተሹን። አንዷን እናት ቋጠሮዋን አስፈትተው፣ እስክትቋጥር ጠበቅን። እኔ በሆዴ የምቆጥረው ጋሼ ስንት ደቂቃ እንዳላቸው ነው። እመቤቴን ተማፀንኩ። ለአንዲት ጢም እንዲህ መሆኔን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጠናገር አማረኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

መርሳ መግቢያ ላይ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ሰብሬ ገባሁ። ጋሼ አስፋልቱ ዳር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሯል፤ ከንፈራቸው ደም ነክቶታል። ከፊታቸው በቆመ የቢራ ሳጥን ላይ ሦስት ነገር ተደርድሯል፦ ባለ ጢም ፎቶ ያለበት የቀበሌ መታወቂያ፣ እኔ ያጠለቅሁላቸው ባጅ፣ እና የተፈታው መሐረብ ከነፀጉሩ።

የሚሊሻዎቹ አለቃ ለአካባቢው አዲስ ነው፤ በዚያ ሳምንት ከደጋ በኩል የመጣ። ተኝቶ ያደረ አይመስልም፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ፈርቷል።

«ሁለት ፊት ነው ያለው» አለኝ። «አገጩን እይው፤ ዛሬ ነው የተላጨው። ከጫካ የሚወጡት የመጀመሪያ ሥራቸው መላጨት ነው። ጢሙን በመሐረብ ቋጥሮ የሚዞር ሾፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ነኝ ያስላጨኋቸው። የድርጅቱ መመሪያ ነው» ብዬ ደብዳቤውን ሰጠሁት።

አነበበ። ገለጠ። ሁለተኛውን ገጽ አነበበ።

«ይኸ እኮ ለሃይማኖት ይፈቀዳል ይላል» አለ። «ጢሙን ማቆየት እየቻለ፣ በዛሬዋ ቀን ለምን ተላጨ?»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ «ምን ታስለፈልፉታላችሁ» አለ። ዕውነቱን ካልተናገርኩ የደበቅሁት ገጽ ጋሼን ሊገድላቸው ነው። ብናገር ደግሞ የምናገረው እርሳቸው ፊት ነው። ዓይናቸውን ሽሽት ወደ አለቃው ዞሬ፣ «ስላልነገርኳቸው ነው» አልኩ። «መኪና እንዳይቆምብኝ ብዬ ገጹን ደበቅኋቸው። ሌላ መንገድ የለውም አልኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አለቃው አየኝ፤ አላመነኝም። «ወይ ለእሱ ስትይ ነው፣ ወይ አብረሽው ነሽ» አለ።

አጠገቡ ድሮ ለጋሼ ገመድ የሚጥለው ኬላ ጠባቂ ቆሟል። ለመንኩት። «እኔ የማውቀው ባለ ቀይ ጢሙን ጋሼን ነው» አለ አንገቱን አቀርቅሮ። «ይኸን ሰውዬ አላውቀውም።»

ያኔ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። መሐረቡን አነሣሁ። ጋሼ ፊት ተንበረከክሁ። «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሕይወቴ ባዕድ ወንድ፣ ያውም የሰገዱ የጾሙ ሽማግሌ፣ ፊት ነክቼ አላውቅም። ፀጉሩን በእፍኜ ይዤ አገጫቸው ላይ ለጠፍሁት። ላብና ደም ስለነበራቸው ጥቂቱ ተጣበቀ፣ ጥቂቱ ረገፈ። በሌላው እጄ መታወቂያውን ከጉንጫቸው ጎን ያዝኩ። ከሰዉ መሐል አንድ ሰው ሳቀ። የጋሼ መንጋጋ ከመዳፌ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

ኬላ ጠባቂው ቀረበ። ጎንበስ ብሎ አየ። «ጋሼ» አለ። «ጋሼ እኮ ናቸው።» ማንንም ሳይጠይቅ የእጃቸውን ገመድ መፍታት ጀመረ። አለቃው መታወቂያውን ከእጄ ወስዶ ደጋግሞ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ደግፎ አስነሣቸውና፣ «አይቀየሙን አባቴ፤ ጊዜው ነው» አለ። ሰዉ ወሬውን ይዞ ተበተነ።

ጋሼ እጃቸውን አሻሽተው እንደገና መሬት ላይ ተቀመጡ። አስፋልቱ ላይ የረገፈውን ፀጉር መልቀም ያዙ። እጀታዬ ላይ የቀረውንም ሳይነኩኝ በሁለት ጣታቸው አነሡት። መሐረቡን ቋጥረው፣ ከመኪናው የጎማ መፍቻ አውጥተው፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ካለ አጥር ሥር ቆፈሩና ቀበሩት። እኔ ቆሜ አያለሁ።

«ጋሼ፣ አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው። «ገጹን ደብቄዎታለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ አፈሩን በእጃቸው እያጠበቁ። «ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ ገልጬ አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈቃዱ እስኪመጣ መርሳ ምን ይበላል? ደግሞ ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር።» ተነሥተው እጃቸውን አራገፉ። «እሰው ፊት ዋሸሽ ልልሽ ነውር ሆነብኝ።»

ይኸን ብለው ወደ ጋቢናው ወጡ። አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ዱቄቱን ልናራግፍ መርሳ ገበያ ገባን። ከደወለልኝ ባለሱቅ በቀር፣ ስንት ዓመት የሚያውቋቸው ሰዎች መኪናውን እያዩ ሾፌሩን ይፈልጋሉ። ጋሼ በየሱቁ በር ላይ መስኮቱን ዝቅ ያደርጉና አንገታቸውን አውጥተው፣ «እኔ ነኝ» ይላሉ።