አራት ኪሎ ወይስ ለቡ

ልጄ ከመወለዱ በፊት ከባለቤቴ ጋር የተጨቃጨቅነው በሐኪም ምርጫ ነበር። እሱ የፈለገው አራት ኪሎ አካባቢ ያሉትን ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እጃቸው መድኃኒት ነው» ይላል። እንዲህ የሚለው ሰው ሁሉ ግን መኪና አለው። እኛ ያለነው ፉሪ ነው፤ ያለን እግራችን ብቻ ነው።

እኔ የመረጥኳት ለቡ መብራት ኃይል፣ አስፋልት ዳር ካለች ትንሽ ክሊኒክ የምትሠራ ወጣት ሐኪም ነበረች። ሆዴ ተገፍቶ ሳለ ሄጄ አይቻታለሁ። አንድ ታክሲ ይበቃል፤ ታክሲ ቢጠፋ በእግር ይደረሳል። ባለቤቴ «ገና ልጅ ናት፤ ልጄን መለማመጃ አላደርገውም» አለ። «እንግዲያው ዝናብ ሲጥል አንተው ተሸክመኸው አራት ኪሎ ድረስ!» አልኩት። ቢሆንም እሱ አሸነፈ። ነፍሰ ጡር ሰው ስንቱን ይሟገታል?

እንደወለድኩ ልታርሰኝ ከክፍለ ሀገር የመጣችው እናቴ መጋረጃውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብላ ልጁን በፎጣ ላይ ፎጣ ጠቀለለችው። እሱም ጡት አፉ ውስጥ እያለ ማንቀላፋት ጀመረ። «የታደልሽ! ጨዋ ልጅ ነው የወለድሽው» ትለኛለች። እኔን ግን ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት እምቢ ብዬ መጋረጃውን ከፈትኩት። ልጄ ቢጫ ሆኗል። የዓይኑ ነጭ ሳይቀር ቢጫ! «በስመ አብ!» አለች እናቴ። ባለቤቴ ሥራ ቦታ ነበር፤ ደወልኩለት። «ይዛችሁት አራት ኪሎ ኑ፤ እዚያ እጠብቃችኋለሁ» አለኝ። በስልክ የጠራነው መኪና መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ ቀረ።

የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር። አንዷ «አራስ ናት፣ አሳልፏት!» ስትል ሁሉም መንገድ ለቀቀልን። ገብተን እንደተቀመጥን ደግሞ «መስኮት ዝጉ፣ አራስ አለች!» ተባለና ታክሲው ታሸገ። እናቴ በፎጣው ላይ ጋቢ ደረበችበት። እኔ በላብ ተጠመቅሁ። ልጄ ድምፁ የለም። ፊቱን ልገልጠው ስል ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ኧረ ምች ይመታዋል!» ብላ ጮኸች፤ እናቴም እጄን ያዘችኝ። ሁሉም ለእኔ ብለው ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ሁሉንም ጠላኋቸው። በጋቢው ሥር እጄን ሰድጄ ደረቱን ዳበስኩ። ደረቱ እየተነሳ ይሁን ታክሲው እያንገጫገጨን መለየት አቃተኝ። ፈጣሪዬ፣ አትውሰድብኝ አልኩ።

ለቡ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ቆመ። ገና ሜክሲኮ አለ፤ እዚያም ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ታክሲ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ? ባልሽ እየጠበቀ!» አለች እናቴ።

«ይጠብቅ!»

ወርጄ ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገፍፌ ወደ ክሊኒኳ ሮጥኩ። አራስ ትሮጣለች? እኔ ሮጥኩ።

ሐኪሟ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። ፎጣውን እየገፈፈች ጣለችው። ጣቷን አፉ ውስጥ ብትከት አልጠባም። ውስጥ እግሩን መታ መታ አደረገችው። ዝም አለ። ደገመችው። ቀጭን ድምፅ አወጣ፤ ልቅሶ እንኳ አይባልም። «አሁኑኑ ሆስፒታል ገብቶ ቢጫነቱ እንዲለቀው በመብራት መታከም አለበት» ብላ አምቡላንስ ጠራች።

ከሆስፒታል እንደወጣ ለክትትል ወደ እሷው ተመለስን። ባለቤቴም አብሮን መጣ። ሐኪሟ መርምራው «ደህና ነው» ስትል እናቴ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ይተኛ ብዬ ነበር። ያን ቀን ባናመጣው፣ አሳድረነው ቢሆን ኖሮስ?»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻትና «እማማ፣ ያን ቀን አምጥታችሁታል» አለቻት።

ባለቤቴ ልጁን ከአልጋው አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው። «ታክሲ እንያዝ» ስለው እንኳ እምቢ ብሎ እስከ ፉሪ በእግሩ ተሸክሞት ሄደ፤ ለማናችንም አልሰጥም አለ።