ክትባት አዝላ ተራራ የወጣችው ሚስቴ

እስቲ ይሄን ስሙኝ። ሚስቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከቦንጋ ወጣ ብሎ ተራራ አናት ላይ ላለው ቀበሌ የሕፃናት ክትባት የምታደርሰው በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ነበር። በቀደም "በጀት ተቀንሷል፣ ነዳጅ የለም" አሏትና ሞተሩ ቆመ። እሷም በእግሯ ልትሄድ ተነሳች።

እኔ ሳቅኩባት። "አንቺ? ለገበያ እንኳን ባጃጅ ካልተጠራልኝ የምትይዋ?"

"ና እንግዲህ ጎበዙ፣ ተሸከምልኝ" አለችኝ።

ክትባቱ የሚጓዘው በረዶ በተሞላ ሳጥን ነው፤ በረዶው ከቀለጠ ይበላሻል። ስለዚህ ፀሐይ እንዳያገኘው ሳጥኑን ከጓሯችን በቆረጠችው የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አሸከመችኝ። ዳገቱን ሳላጋምስ ደክሞኝ ቆምኩ። ሳጥኑን ተቀብላኝ ራሷ አዘለችው።

"አንተ ጥላው ሥር ቁጭ በል የኔ ጌታ፣ ስመለስ እወስድሃለሁ" ብላኝ እየሳቀች፣ ጭቃውን በላስቲክ ጫማዋ እየረገጠች ወጣች።

እየተጎተትኩ ስደርስ እናቶቹ ከበዋት ሕፃናቱን እየከተበች ነው። በረዶው አልቀለጠም። አንዷ እናት እኔን አይታ "ይሄ ልጅ ደግሞ ምን ነካው? አሞት ነው?" አለች።

"አይ እትዬ፣ ባሌ ነው" አለቻት። ሁሉም ሳቁብኝ። ይሳቁ! እኔ ግን በሷ እንደዛን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አሁን ክረምቱ እየገባ ነው። ያንን ዳገት ሲዘንብ እንኳን ሰው በቅሎም አትደፍረውም። እናንተ ነዳጅ የለም ያላችሁ አለቆች፣ ለስብሰባ ዋጫ ከተማ ድረስ የምትመላለሱበት መኪና ነዳጁን ከየት ነው የሚቀዳው?