ጆሮው ውስጥ ያለችው ድምፅ

ጆሮውን ሊመረመር የመጣው ሰውዬ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ ጥቁር ካናቴራው ከመታጠብ ብዛት የነጣ፣ ሃምሳን የተሻገረ ጊታር ተጫዋች ነበር። የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ እንደ ተረከዝ ደድሯል። መርማሪዋ ሥራውን ስትጠይቀው፣ «ሜታል የሚሉትን ጯሂ ሙዚቃ እጫወታለሁ፤ ያ ልጆች ሲከፍቱት እናቶች በር የሚዘጉበት» ብሎ ሳቀ። እስካሁን ሠላሳ አንድ አልበም አውጥቷል፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም ይባልለታል።

ድምፅ የማያስገባው ጠባብ የመመርመሪያ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ስትዘጋበት ግን ሳቁ ጠፋ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ፤ ላብ አጠመቀው። ምርመራው እንዳለቀ ራሱ በሩን ገፍቶ ወጣ።

«ጆሮዎ ክፉኛ ተጎድቷል» አለችው። «ቢያንስ አንድ ዓመት ከሙዚቃ ይረፉ። ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጡ።»

«የኔ እህት፣ እኔ የምሸሸው ጸጥታውን ነው'ኮ። ጸጥ ሲል አንዲት ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ትጮሃለች። እሷን ለመሸፈን እጫወታለሁ፤ በተጫወትኩ ቁጥር ደግሞ ይብስባታል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ቻሉት?»

«የት ችዬው! አልሄድም ስትለኝ ጊታሬን በሷ ቃኘሁት።» ከንፈሩን ገጥሞ ድምፅዋን አሰማት። «ሰው በየአልበሙ አዲስ አገር ገባህ ይለኛል። እኔ ግን ከዚህች ወጥቼ አላውቅም።»

መርማሪዋ ተነሥታ የክፍሉን በር ወለል አድርጋ ከፈተችለት። የኮሪደሩ ጫጫታ ሲገባ፣ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።