ትኩሳቱ የለቀቀ ዕለት

በእኛ አገር፣ በግሼ በኩል፣ በሽተኛ ትኩሳት ሲለቀው የለበሰው ባና አጥር ላይ ይሰጣል። ከበግ ፀጉር የተሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ያየ ሁሉ «እሰይ፣ ማረው» ይላል።

የታላቅ ወንድሜም ባና አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከአፋር በረሃ፣ ከቀን ሥራ ታሞ መጣ። ሲነድ ሰንብቶ አንድ ጠዋት ገላው በረደ። እናቴ ባናውን አውጥታ አሰጣች። ጎረቤት መጣ፣ ተሳቀ። ባናው ሳይገባ ወንድሜ ሞተ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልገባም።

ዘንድሮ ደግሞ እህቴ ታማ መጣች፤ እዚያው በረሃ ሻይ ቤት ትሠራ ነበር። ዓይኗን ከኋላ ይወጋታል። አጥንቷን ሙቀጫ ውስጥ የወቀጡት ያህል ነው። ወባ ነው ብለን ሆስፒታል ወሰድናት፤ ምርመራው ወባ የለም አለ። ሐኪሙ ከየት እንደመጣች ሲሰማ ሌላ ደም አስቀዳ።

«ዴንጊ ነው» አለን። «ቀን የምትነክስ ትንኝ ናት የምታመጣው። ድሮ እዚህ አናየውም ነበር፤ አሁን ከቆላ በሚመለሱ ሰዎች ላይ እየበዛ ነው። ደግሞ ትኩሳቱ ለቀቃት ብላችሁ እንዳትወስዷት። ክፉው ጊዜ ያኔ ነው። ሆዷን ካመማት፣ ካስታወካት፣ ድዷ ከደማ፣ እጇ ከቀዘቀዘ ሮጣችሁ ጥሩን።»

የወንድሜም ድድ ደምቶ ነበር። እጁም... እሱም ቀዝቅዞ ነበር። ለካ እሱን የገደለው ይኸው ነው። ካወቅነው ግን ይቺን ማዳን ይቻላል ማለት ነው።

ትኩሳቱ የለቀቃት ጠዋት አባቴ ፈረስ ይዘው ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ግንባሯን ዳበሱ።

«ለቋታል እኮ። ተነሽ፣ እንሂድ።»

«አይሆንም አባባ» አልኩ፣ በሩ ላይ ቆሜ።

«አንተን ደግሞ ማን ሐኪም አደረገህ?»

«ተዉት አባባ» አለች እህቴ ከአልጋው ላይ። «ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ ነው።»

«ያኔም ለቆት ነበር» አልኩ። «ባናው አጥር ላይ እያለ ነው...»

አባቴ ወጥተው ከፈረሱ ላይ ኮርቻውን አወረዱ።

ከሰዓት በኋላ «ሆዴን» አለች። አስታወካት። እጇን ስይዘው በረዶ ነው። ሮጬ ነርስ ጠራሁ። ነርሷ ጉሉኮሱን አፈጠነች፣ የደም ግፊቷን ትለካለች፣ ትሄዳለች፣ ደግሞ ትመጣለች። አባቴ እግሯን በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዙ። እኔ እጇን አልለቀቅኩም። ቀስ እያለ ሞቀ። ሞቀ ስላቸው አባቴ አላመኑኝም፤ ራሳቸው ያዙት።

በማግስቱ ነርሷ ስትጠብቀው የነበረው ሽንቷ በደንብ መጣ። ስለ ሰው ሽንት እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ክንዷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቶ ያሳክካት ጀመር፤ ሐኪሙ እሱ የመዳን ምልክት ነው አለ። ቆሎ አምጡልኝ አለች። ገበያውን በሩጫ አዳረስኩት።

ሐኪሙ ራሱ ሂዱ ሲለን በፈረሱ ይዘናት ቤታችን ደረስን። እናቴ ባናውን ታቅፋ ደጅ ቆማለች። ወደ አጥሩ አልሄደችም።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለችኝ።

«አስጪው እማዬ። አሁን ይቻላል።»

ከባድ ነው፤ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩላት።