መቀመጥ የለበትም

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የጭነት ድርጅት የተሳቢ ሾፌር ነበርኩ። የመኪናዬ ወንበር ሞላው ከተሰበረ ቆይቷል። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ብረቱ ወገቤን ይወጋኛል። ወንበሩ እንዲቀየርልኝ በጠየቅኩ ቁጥር የስምሪት ኃላፊው፣ "ሳሎን ነው እንዴ የምትነዳው?" ይልና ቢሮው ውስጥ ያሉትን ያስቃቸዋል።

አንድ ጠዋት ሲሚንቶ ጭኜ ግቢ እንደገባሁ ከጋቢናው መውረድ አቃተኝ። ግራ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሁለት ሾፌሮች ተቀብለው መሬት ላይ አጋደሙኝ። ኃላፊው መጥቶ ቁልቁል አየኝና፣ "መኪናው መንገድ ዘግቷል፤ አንዳችሁ አንሱት" አለ። ተመልሶ ቢሮው ገባ።

ሐኪሙ ዲስኬ ተንሸራቶ ነርቭ እንደተጫነ ነገረኝ። ረጅም ሰዓት መቀመጥ እንደሌለብኝና ቀላል ሥራ እንዲሰጠኝም ጻፈልኝ። ኃላፊው ወረቀቱን አንብቦ ፈገግ አለ።

"መቀመጥ የለበትም ነው የሚለው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ትቆማለሃ!"

በማግስቱ የግቢው በር ጠባቂ ሆንኩ። ጥበቃ ቤቷ ውስጥ የነበረችውን ዱካ መቀመጫ ኃላፊው አስወሰዳት። ከባዱን የብረት በር ስገፋ እውላለሁ። አብረውኝ የነዱት ሾፌሮች መጀመሪያ ሰሞን አንገታቸውን ደፍተው ያልፉኝ ነበር፤ ኋላ ግን ለመዱኝና፣ "ዘበኛ! ፍጠን እንጂ!" ማለት ጀመሩ።

መኪናዬ ለኃላፊው ሚስት ወንድም ተሰጠ። ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ወንበር ገባለት። ከጋራዥ ሲመለስ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተላጠም ነበር።

በዚያን ጊዜ ጎንበስ ማለት ስለማልችል ጠዋት ጠዋት ካልሲና ጫማ የምታደርግልኝ ባለቤቴ ነበረች።

"ተወው በቃ ይሄን ሥራ" አለችኝ አንድ ቀን።

"ምን ልንበላ?"

የጫማዬን ክር አጥብቃ አሰረችው።

ክረምት ላይ በሩን ስገፋ ጭቃው አንሸራተተኝና በወገቤ ወደቅኩ። ያው የኃላፊው ሚስት ወንድም መኪናዬን ይዞ ከፊቴ ቆሟል። ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ። እንዳልተነሳሁ ሲያይ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ኧረ ዞር በል ሰውዬ!" ብሎ ጮኸብኝ። በክርኔ እየተሳብኩ ወደ ጥግ ወጣሁ። የጭቃውን ውሃ ረጭቶብኝ አለፈ። ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመና ወረደ። ሊያነሳኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ተሳቢው በሩ ላይ ተፍቆ እንደሆነ አየና ተመልሶ ወጣ።

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም፤ በሳምንቱም እንዲሁ። ለምን ቀረህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።